ቀማሽ የጠፋለት ድስት

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። በአርብ ገበያ ከተማ በዚህ የተጨነቀ ሰው ቢኖር ሲስተር ፅጌረዳ ብቻ ናት፤ የእሷም ጭንቀት የነፍስ ሳይሆን የጨው ነበር።

ፅጌረዳ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ልጅ፣ እንደ አገሩ ሰው ጾመኛ የሆነች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከጥር ወር ጀምሮ በየሳምንቱ አርብ ከገበያው ዳር ባለው የገበሬዎች ማሰልጠኛ አዳራሽ አሥራ አራት ጎልማሶችን ሰብስባ በትንሽ ወጪ ጤናማ ምግብ መብላትን ታስተምራለች። የምትለው ነገር ከባድ አይደለም። ባቄላውንና ምስሩን ለነጋዴ ሰጥታችሁ መኮሮኒና ለስላሳ ተሸክማችሁ አትግቡ፤ ጎመኑ በጓሯችሁ፣ ድንቹ በማሳችሁ አለ፤ ዘይት በማንኪያ ይለካ፤ ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። ከባዱ ሌላ ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው አርብ ጠዋት ነው፤ ገበሬው ከተማ የሚወጣው ያን ቀን ስለሆነ። አርብ ደግሞ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን የሚከፍት ክርስቲያን ስለሌለ የሚበስለውን ወጥ የሚቀምስ አይገኝም።

እስከ ቅበላ ድረስ ችግሩን የፈታችው ሀኒፋ ነበረች። ሀኒፋ በገበያው መሃል የቅመምና የዘይት ሱቅ ያላት፣ ከአሥራ አራቱ ተማሪዎች ብቸኛዋ እስላም ናት። ድስቱ ሲደርስ ማንኪያ ይሰጧታል፤ ዓይኗን ጨፍና ትቀምሳለች፤ አሥራ ሦስቱ ክርስቲያኖች የእሷን ፊት እያዩ የወጡን ጣዕም ይገምታሉ። ቅንድቧ ከተነሣ ጨው ያንሰዋል፤ ከንፈሯን ከመጠጠች ደርሷል። ከዚያ ረመዳን ገባ።

«በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል የሚሉ አሉ» አለች ሀኒፋ ማንኪያውን መልሳ። «እኔ ግን ምላሴን አውቀዋለሁ። የገባለትን አይመልስም።»

በሚቀጥለው ሳምንት የተማሪዋን የዘነበችን የአራት ዓመት የልጅ ልጅ አስቀመሷት። ልጅቱ የምስሩን ወጥ ቀምሳ ስኳር እንዲጨመርበት አዘዘች። ከዚያ በኋላ ድስቱ ያለ ቀማሽ ቀረ።

አሳዛኙ ነገር፣ ከአሥራ አራቱ መካከል በየቀኑ ጠዋት ቁርሱን የሚበላ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ይታየው ነው። የሚበላ መሆኑን የሚያውቁት ሚስቱ፣ የጤና ጣቢያው ሐኪምና የንስሐ አባቱ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ብቻ ናቸው።

ይታየው ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ሳያልቅ፣ በቀን ሁለት ማሰሮ ውሃ እየጠጣ ጥሙ አልቆርጥ ሲለው ጤና ጣቢያ ሄደ። ሐኪሙ ስኳር ነው አለው። አንዲት ነጭ ኪኒን ሰጠውና «ጠዋት ከምግብ ጋር ትውጣለህ፤ ሳትበላ ከዋጥካት ስኳርህ ወርዶ ትወድቃለህ» ሲል አስጠነቀቀው፤ በጥር የሚጀመረውን የፅጌረዳን ትምህርትም እንዲከታተል መከረው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ይታየው ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ አቀረበ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ብዙ አላሰቡም፤ «ትበላለህ» አሉት።

ይታየውን የጨነቀው እግዚአብሔር አልነበረም። እግዚአብሔር የሐኪሙን ካርድ አይቷል። የጨነቀው አበባው ነበር።

ይታየው የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ሙሴ ነው፤ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ጾምን እንደ ድንበር ጠብቋል፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም። አምና በሁዳዴ ጎረቤቱ አበባው ደቦ ላይ በሰባት ሰዓት አንድ ጣሳ ጠላ ሲጨልጥ ተገኘና ይታየው በማኅበሩ ፊት አርባ ስግደት ፈረደበት። ስግደቱን የቆጠረው ራሱ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ «ጉልበትህ መሬት አልነካም» ብሎ ያችኑ አንዷን አስደገመው። አበባው ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነፈገውም፤ ግን በየስብሰባው የይታየውን አፍ ያያል። የሚያየው የሚናገረውን ለመስማት አይመስልም። እና አሁን አበባው የደም ግፊት ስላለበት የፅጌረዳ ተማሪ ሆኗል፤ ያውም ጎበዝ ተማሪ፣ ባለ ደብተር።

ስለዚህ ይታየው ትምህርቱን የሚከታተለው «ወጣቶቹን ለመቆጣጠር» መሆኑን አስወራ፤ ከተማሪዎቹ መካከል ከአርባ ዓመት በታች የሆነ አንድም እንደሌለ ግን ማንም አላስታወሰውም። ቁርሱንም ከገለባው ቤት ተደብቆ በሶ እየበጠበጠ ይጠጣል፤ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ሰው ሲመጣ ታስላለች።

በመጨረሻው የትምህርት አርብ ሚስቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አሳለች። አበባው ነበር።

«አያ ይታየው! ዛሬ እንግዳ ስላለ ቀደም ብለን እንውጣ ብዬ ነው!»

ይታየው ኪኒኑን ውጧል። ከበሶው የጠጣው ግማሹን አይሞላም። ቅሉን ገለባ ውስጥ ቀብሮ፣ አፉን በነጠላው ጠርጎ ወጣ።

«ገለባ ቤት ምን ያደርጋሉ በጠዋት?» አለ አበባው።

«ጸሎት» አለ ይታየው።

የዚያን ቀን ትምህርት ርእስ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ «ጨው እንቀንስ»። ከዞን ሦስት እንግዶች ይመጣሉ፤ ትምህርቱ ለሌላ ዙር ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ለስልሳ ሰው የሚሆን የድንች፣ የባቄላና የጎመን ወጥ በአንድ ትልቅ ብረት ድስት ይሠራል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከተማሪዎቹ ሌላ ለአካባቢው ሽማግሌዎችና ለገበያተኛ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ ሆን ተብሎ የተመረጡ ናቸው፤ ስምንቱም የደም ግፊት አለባቸው።

ወጡን የያዘችው ዘነበች ነበረች። ዘነበች የሠርግና የተዝካር ወጥ የምትሠራ፣ መቶ ሰው ቢጠራ የማትደናገጥ ሴት ናት። ሀኒፋ ታማስላለች። አበባው ደብተሩን ይዞ ይቆማል። ይታየው ውጭ እንጨት ይፈልጣል። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ማዕዱን ሊባርኩ ቀድመው መጥተው ጥግ ላይ ዳዊት ይደግማሉ።

አምስት ሰዓት ላይ ይታየው መጥረቢያውን ሲያነሣ እጁ ተንቀጠቀጠ። ፀሐዩ ነው አለ። ሁለተኛው ምት ከግንዱ ስቶ መሬት ገባ። ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ወረደ፤ ዓይኑ ብዥ አለ፤ ጉልበቱ የሌላ ሰው ጉልበት መሰለው። ሐኪሙ የነገረው ምልክት አንድ ባንድ መጣ፤ ቅደም ተከተሉን እንኳ አልሳተም። ለእንዲህ ያለ ቀን ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይይዝ ነበር። ኪሱን ዳበሰ፤ ወረቀቱ ብቻ ተገኘ።

ያን ጊዜ መኪና መጣ። የዞኑ እንግዶች ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሊቀበል ወጣ። ይታየው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ በጓሮ በር ገባ። ድስቱ በዝግታ እየተንፈቀፈቀ ነበር። ጭልፋውን አንሥቶ አንድ ትልቅ ድንች ከነመረቁ አወጣና አፉ ውስጥ ከተተው።

ድንች አልነበረም። አሞሌ ነበር።

ይታየው በልጅነቱ ከብት ጨው ሲያስልስ አብሮ ልሷል፤ ያ ከዚህ ይሻል ነበር። ምላሱ ተጠቀለለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሊተፋው አስቦ ጉልበቱ መልሶ ሲከዳው ዋጠው፤ ምግብ ነው፣ ያስፈልገዋል። ሁለተኛውንም ድንች አወጣ፤ እያለቀሰ አኘከ፤ ከገንዳው በጣሳ ውሃ ቀድቶ ጠጣ፤ ደገመ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ላቡ ደረቀ፤ እጁ ጸና፤ አእምሮው ጠራ። አእምሮው ሲጠራም የገባበትን ነገር አየ።

ስምንት የደም ግፊት ያለባቸው ሽማግሌዎች፣ ሦስት የዞን እንግዶችና የአርብ ገበያ ሕዝብ «ጨው እንቀንስ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ይህን ሊበሉ ነው። ፅጌረዳ ከነትምህርቷ ታልቃለች። ይህን በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው አውቃለሁ ካለ ደግሞ በምን አወቅህ ይባላል።

ድስቱ ሊድን እንደሚችል ይታየው ያውቃል። መረቁ ተቀንሶ፣ ጨው ያልነካው ድንችና ባቄላ ተቀቅሎ ቢጨመርበት ይመለሳል። ድንቹ ተልጦ እስኪበስል አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ማዕዱ በዘጠኝ ነው። ስለዚህ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ካልተናገረ አለቀ።

መጀመሪያ ወደ ዘነበች ቀረበ። ዘነበች እንግዶቹን አስገብታ ወደ ድስቷ ተመልሳለች።

«ዘነቡ፣ እስቲ ውሃ ጨምሪበት።»

«ለምን?»

«ወፈረብኝ።»

«ወጥ ሲወፍር ነው የሚያምረው። ባይሆን እንጨቱን ይፍለጡ።»

ትንሽ ቆየና ተመለሰ። «ጨው… ስንት ጊዜ ገባ?»

ዘነበች ማማሰያዋን ይዛ ቀጥ አለች። «ወንድ የወጥ ጨው መጠየቅ የጀመረው መቼ ነው? ሠላሳ ዓመት ሠርግ ስሠራ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም!»

«የለም፣ ሽታው ጨው ጨው ቢለኝ ነው።»

«የጨው ሽታ!» ዘነበች ወደ ሀኒፋ ዞረች። «ሰምተሻል ሀኒፋ? አያ ይታየው ጨው በአፍንጫ ያውቃሉ።»

«እኛ ሱቅ ይምጡ» አለች ሀኒፋ። «የደረሰኝን በርበሬ በሩቁ እያሸተቱ ይለዩልኛል።»

አበባው ደብተሩን ዘግቶ ቀና አለ። የይታየውን አፍ አየ። ይታየው አፉን በነጠላው ሸፈነ።

ፅጌረዳን ብቻዋን ሊያገኛት ሞከረ። እሷ ከእንግዶቹ ጋር ነበረች፤ በመኪናቸው ሹፌር ላይ ተስፋ ጥላ እንደነበር በኋላ ነው የታወቀው። ሹፌሩ ኡሳማ ይባላል። ስሙን ስትሰማ፣ መንገደኛ እስላም መጾም ግድ አይለውም ሲባል ሰምታ ስለነበር፣ ትንሽ ማንኪያ ይዛ ሄደች። «እኔም ጾመኛ ነኝ እህቴ» አላት። «በጋይንት መንገድ ላይ ያለ ጾም አይነዳም።»

ሰባት ሰዓት ሆነ። ይታየው ጥግ ላይ ወዳሉት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሄዶ አጠገባቸው ተንበረከከና በሹክሹክታ ሁሉንም ነገራቸው። ቄሱ ዳዊታቸውን ዘጉ።

«ምን ያህል ጨው ነው?»

«አባ፣ የሎጥ ሚስት ናት እዚያ ድስት ውስጥ የገባችው።»

«ታዲያ ንገራቸዋ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«ማን ቀመሰው ሲሉኝ ምን ልበል?»

«መልአክ ነገረኝ ይበሉ።»

«በወጥ ጨው ጉዳይ መልአክ አይላክም» አሉ ቄስ ወልደ ሩፋኤል። «የአንተንም ጉዳይ በንስሐ የሰማሁት ስለሆነ ከእኔ አፍ አይወጣም። ደግሞ ስማኝ ልጄ፣ ብላ ያልኩህ እኔ ነኝ። ተደብቀህ ብላ ግን አላልኩህም። እሱን ከየት አመጣኸው?»

ይታየው ተነሥቶ ቆመ። ከፊቱ አበባው የመጀመሪያውን ሳህን ለመቀበል ከስምንቱ ሽማግሌዎች ፊት ወንበሩን ሲያስተካክል አየው፤ የምስጉን ተማሪ ቦታ ነው። ለአንድ አፍታ፣ ለአጭር አፍታ፣ ዝም ብሎ አበባው ያንን ድንች ሲጎርስ ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደሚሆን ታሰበው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከዚያ የአበባው የደም ግፊት ትዝ አለው። ከዚያ ደግሞ የፅጌረዳ ፊት።

ሰዓቱን አየ። ሰባት ተኩል ሊሆን ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል።

«ስሙኝ!» አለ። ማኅበር ላይ የሚናገርበት ድምፅ ስለነበር አዳራሹ ጸጥ አለ። «ይህ ወጥ አይቀርብም። ጨው ነው። አይበላም።»

ዘነበች ማማሰያዋን ጣለች። ፅጌረዳ ከእንግዶቹ መካከል ብቅ አለች። አበባው ግን ቀድሞ ተነሣ፤ አንድ ዓመት የጠበቀው ሰዓት ይመስል ነበር።

«በምን አወቁ፣ አያ ይታየው?»

«በልቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«በአምስት ሰዓት። ሁለት ድንች። ውሃም ጠጥቻለሁ።» ይታየው ትንፋሹን ሰበሰበ፤ የጀመረውን ለመጨረስ ቸኮለ። «ዛሬ ብቻ አይደለም። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ በጠዋት እበላለሁ። ስኳር አለብኝ። ሐኪም አዞኝ፣ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኝ ነው። የደበቅኳችሁ ግን እኔው ነኝ።»

ይታየው ዓይኑን ጨፍኖ ቤቱ እስኪፈርስበት ጠበቀ።

«ጨው ነው?» አለች ዘነበች። «የእኔ ወጥ?»

«ዘነቡ፣ እኔ እኮ ጾም…»

«ቆይ አያ ይታየው፣ እሱ ይደርሳል። ጨዉን ማን ነው የጨመረው? እኔ ቁሌቱ ላይ ሁለት እፍኝ ብቻ ነው ያደረግኩት!»

«ሁለት እፍኝ?» አለች ፅጌረዳ። «ጨው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው ብዬሽ አልነበረም?»

«ጨው ያልገባበት ቁሌት ቁሌት ነው እንዴ ሲስተር? ወግ ነው።»

ሀኒፋ እጇን ወደ ላይ አነሣች። «እኔም አድርጌያለሁ። ዘነቡ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ። መልኩን ሳየው ጨው ያልገባበት መሰለኝ። አንድ እፍኝ። ሞላ ያለች።»

«በመልኩ!» አለች ዘነበች።

«አንቺስ በምን ታውቂዋለሽ? ሁላችንም በዓይን አይደለም እንዴ የምናበስለው ከሁለት ሳምንት ወዲህ!»

ፅጌረዳ ግንባሯን ያዘች። «እኔ ደግሞ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ሃያ የሻይ ማንኪያ ለክቼ ጨምሬያለሁ።» ድምጿ ወረደ። «የጨመረ የለም ብዬ።»

ይታየው ዓይኑን ገለጠ። ማንም እሱን አያየውም። አሥራ አንድ ዓመት የገነባው ስም በአዳራሹ መሃል ተንዶ ወድቋል፤ ሰዉ እሱን ተራምዶ ስለ ጨው ይጨቃጨቃል። ትንሽ ከፋው።

«እኔ እኮ ጾም ሽሬያለሁ ነው የምላችሁ!» ብሎ ጮኸ።

«ሰምተናል!» አለች ዘነበች። «ከአምስት እፍኝ ጨው ጋር ነው እንጂ የሻሩት! እሱ እንኳ ከበቂ በላይ ቅጣት ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከስምንቱ ሽማግሌዎች አንዱ በትራቸውን መሬት እየመቱ ሳቁ። አበባው ግን አልሳቀም። ሰውነቱ ደርቆ ደብተሩን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆሟል። ፅጌረዳ አየችው።

«አቶ አበባው? እርስዎም?»

አበባው ደብተሩን ገለጠ። «ደብተሬ ላይ… 'መጨረሻ ላይ ሃያ የሻይ ማንኪያ፣ አፉ የተስተካከለ' ይላል። መኪናው ሳይደርስ እርስዎ ደጅ ደጁን ሲያዩ የረሱት መሰለኝ። አፉን በቢላዋ እያስተካከልኩ ነው የጨመርኩት።»

«ሃያውንም?»

«ሃያውንም።»

በዚህ ጊዜ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ተነሥተው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። «ራሱ ከተናገረ እንግዲህ እኔም እናገራለሁ» አሉ። «በሕመም ምክንያት እንዲበላ የፈቀድኩለት እኔ ነኝ። ሐኪም አዝዞት የሚደበቅ ሌላም ካለ ከማዕዱ በኋላ ይምጣ፤ እዚሁ እቀመጣለሁ። አሁን ግን ድንች ይላጥ፤ ሰዓቱ ሄደ።»

ሀኒፋ ወደ ገበያው ሮጠች። ሁለት ኩንታል ድንች ለመሸጥ ከስማዳ ጫፍ በአህያ የመጣ አንድ ገበሬ አንዱን ኩንታል ከነጆንያው ተሸክሞ ገባ፤ ለምን እንደሆነ ሲነገረው ግማሹን ስጦታ ይሁን አለ፤ የጨዉን ድስት ግን ቀረብ ብዬ ካላየሁ አለ። ከዞን የመጡት እንግዶች ሳይቀሩ ኮታቸውን አውልቀው ልጣጭ ውስጥ ተቀመጡ። ወጡ ለሁለት ድስት ተከፈለ፤ የተወሰነው መረቅ ተደፋ፤ የተቀቀለው ድንችና ባቄላ፣ የተከተፈው ጎመን እየተጨመረ ሄደ። እናም ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀና ብሎ ይታየውን አየው።

«ይምጡ» አለች ፅጌረዳ ማንኪያ ይዛ።

ይታየው ወደ ኋላ አለ። «እዚህ? በሰው ፊት?»

«ሌላ የሚበላ ሰው የለኝም።»

ቀረበ። ከመቶ የማያንስ ገበያተኛ በመስኮትና በበር አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ሁሉም ጾመኛ ነው። ይታየው ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ መቶ ጉሮሮ አብሮት ዋጠ።

«አሁንስ?» አለች ዘነበች።

«አሞሌነቱ ቀንሷል። ገና ነው።»

ድንች ተጨመረ። ቀመሰ። «ገና።» ባቄላ ተጨመረ። «አሁን ሰው የሠራው ይመስላል። ትንሽ ይቀረዋል።»

«አያ ይታየው፣ እየበሉ ነው ወይስ እየቀመሱ?» አለ አንድ ሰው ከመስኮቱ።

«አንተ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ታየዋለህ!»

በስድስተኛው ማንኪያ ላይ አበባው ራሱ ሳህን ይዞ መጣ። «ከዚህኛው ድስትም ይቅመሱ» አለ፤ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ተክሎ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «በሃያ ሰባት፣ ማኅበሩ ሲሰበሰብ፣ ይህ ነገር ይነሣል፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«አንተ ባታነሣውም እኔ ራሴ ላነሣው ነበር» አለ ይታየው አፉ ሞልቶ። «ምክንያትህን ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩብህ። ያ ጠላ… ለምን ነበር የጠጣኸው?»

አበባው አሰበበት። «ጠምቶኝ» አለ።

«በቃ?»

«በቃ።»

«እንግዲያው ስግደቱ ተገቢ ነበር» አለ ይታየው፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፦ «አርባው ግን በዝቶ ነበር።»

አበባው ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የይታየውን ዓይን እንጂ አፉን አላየም። «ከሁሉም ያቺ የደገምኳት አንዷ ናት ያንገበገበችኝ» አለና ሳህኑን አቀበለው።

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ በአሥራ ሰባተኛው ማንኪያ፣ ይታየው ከንፈሩን መጠጠ። ዘነበች እልልታውን አቀለጠችው። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ባረኩ። ለስልሳ ሰው የታሰበው ወጥ መቶ ሃያ ሰው አበላ፤ ከእንግዶቹ ሽማግሌዋ ሴት በማስታወሻቸው ላይ ረጅም ጻፉ፤ ሲጽፉ ሁለት ጊዜ ብቻቸውን ሲስቁ ታይተዋል። ትምህርቱ ለሌላ ዙር እንዲቀጥል፣ ቀኑ ግን ከአርብ ወደ ማክሰኞ እንዲዛወር እዚያው ተስማሙ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ከጥጋቸው አልተነሡም፤ ሳህኑን የጨረሰ ሁሉ ሲበተን ሦስት አሮጊቶችና አንድ ጎረምሳ መሳይ ዲያቆን በየተራ ሄደው በጆሯቸው ሲያንሾካሹኩ፣ እሳቸውም ራሳቸውን ሲነቀንቁ ታየ።

ሕዝቡ ሲበላ ከተማሪዎቹ ሁለቱ አልበሉም። ሀኒፋ ድርሻዋን ለማፍጠሪያ በክዳን ዕቃ አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ይታየው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጋሼ ይታየው፣ አይበሉም?»

«የት አባቴ ላግባው? ከአንገቴ እስከ እምብርቴ ድንች ነኝ።»

«እውነት ግን ጣዕሙ ተስተካክሏል? ማታ ቤተሰቤን ሰብስቤ የማበላው እሱን ነው።»

«ልክ ነው። ጎመኑ ብቻ ትንሽ መብሰል ይቀረው ነበር።»

ሀኒፋ ዞር ብላ አየችው። «ጎመኑ ላይ ማንም አልጠየቀዎትም።»

«ቀማሽ የቀመሰውን ይናገራል።» ይታየው እግሩን ዘረጋ። ከአዳራሹ ውስጥ የሰው ድምፅ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ የእሱም ስም መሃል መሃል ይነሣል፤ ከስሙ በኋላ ሁልጊዜ ሳቅ ይከተላል። «ከሙሴነቱ ያወርዱኝ ይመስልሻል?»

«እኔ የክርስቲያን ማኅበር አላውቅም» አለች ሀኒፋ። «ግን አሁኑኑ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ በኋላ ቅር እንዳይልዎት። ረመዳን ሲያልቅ የቀማሽነት ቦታዬን እፈልገዋለሁ።»

ይታየው ጢሙን እያሻሸ አሰበበት።

«ሁዳዴ እኮ ከረመዳን በኋላም ይቀጥላል» አለ። «እስከ ፋሲካ ድረስ እንኳ ተይልኝ።»

«ለአንድ ሰው ሁለት ሹመት አይበዛም?»

«አንዱን ሊወስዱብኝ አይደል እንዴ!»